የማስጫው ቀዝቃዛ ጥግ

በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ቀብር አጠገብ ተቀምጬ ዳቦ በልቻለሁ። የተቀበረው የራሴ ግራ እግር ነበር። ቀባሪዎቹም እኔም ደግ ሥራ የሠራን መስሎን እየተሳሳቅን ነበር። የዚያን ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ዝም ብዬ የተቀመጥኩበት ነገር ዛሬም ትዝ ሲለኝ ሰውነቴን ውርር ያደርገዋል።

ያኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነበር። ቤቴ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ነው፤ እንጀራዬ ግን ከጅማ ወጣ ብላ የቡ በምትባል ከተማ አካባቢ ካለ አንድ የቡና ማድረቂያ ነበር። ቡና በሚደርቅበት ወራት ጠዋት በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ ሲመሽ እመለሳለሁ። የማስጫው ኃላፊ ነበርኩ። ማስጫ የምለው ቀዩ እሸት ቡና ጀንፈል ሆኖ እስኪደርቅ የሚሰጣበትን የሲሚንቶ ሜዳ ነው። የእኛው የኳስ ሜዳ ያህላል ብል ብዙ አልዋሸሁም። የዝናብ ውሃ እንዳይተኛበት ከበሩ ወደ ላይ ዘንበል ተደርጎ የተሠራ ሲሆን፣ በአንድ ጎኑ ከበሩ እስከ ላይኛው ጥግ አሥራ ሁለት የአጥር ምሰሶ ቆሟል።

ቡና ላይ በጫማ አይወጣም፤ ጫማ ፍሬውን ይጨፈልቀዋል። ባዶ እግራችንን ሆነን፣ እግራችንን እየጎተትን፣ ቡናውን እንደ ማሳ እናርሰዋለን። ከሥር ያለው ይወጣል፣ ከላይ ያለው ይገባል፣ ትልም በትልም እየሆነ ይገላበጣል። ሌላው ሰው የቡናን መድረቅ ነክሶ ወይም በጆሮው አጠገብ አንኮሻኩሾ ያውቃል። እኔ በውስጥ እግሬ አውቅ ነበር። የትኛው ረድፍ ከሥሩ እንደሞቀ፣ የትኛው ገና እርጥበት እንደያዘ ረግጬ እናገራለሁ፤ ሲፈተሽም ልክ ሆኖ ይገኛል። ሠራተኛው “የግርማ ዓይን እግሩ ላይ ነው” ይል ነበር። ይህን ስሰማ ልቤ ያብጥ እንደነበር አልደብቅም። ሰው በእግሩ ሲኮራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ኮርቼ ነበር።

በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ ግን አንዲት የማትመቸኝ ቦታ ነበረች፤ የላይኛዋ ጥግ፣ አሥራ ሁለተኛው ምሰሶ ሥር። ጠዋት እንደገባሁ ጫማዬን በሩ ጋ አወልቅና አለቃ መሆኔ እንዲታይ ደረቴን ነፍቼ፣ ሳላርፍ፣ በቀጥታ ወደ ላይኛው ጥግ እወጣለሁ። ፍተሻ የሚጀመረው ከዚያ ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድ አንድ ፍሬ እየነከስኩ፣ እየቆምኩ፣ ቀስ እያልኩ ወደ ታች እወርዳለሁ። ጥጓ ጋ ስደርስ ግራ እግሬ ይቀዘቅዛል። ፀሐይ ሲሚንቶውን እንደ ምጣድ ባጋለችበት ሰዓት ሳይቀር፣ ቀኝ እግሬ እየተቃጠለ ግራው ወንዝ ውስጥ የገባ ይመስለኛል። ባቴም ጭምድድ ይላል። እዚያው ቆሜ አንድ ሲጋራ አጨሳለሁ። ሲጋራው ሳያልቅ ቅዝቃዜው ይለቀኛል፤ ከጥጓ ስርቅ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል።

ከዚያ ቀን ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ጠዋት አባ መጫን “ይቺ ጥግ ምን አለባት? ትቀዘቅዛለች እኮ” አልኳቸው። አባ መጫ የማድረቂያው ዘበኛም የቡናው አዋቂም ናቸው፤ ስልሳውን ካለፉ ቆይተዋል፣ ለዚያ ቤት ከእኔ በፊት የነበሩ ሰው ናቸው። ምሰሶውን አዩትና ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት እዚያ አንድ ትልቅ ዋርካ እንደነበረ፣ ከዋርካው ሥርም ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው መቃብር እንደነበረ ነገሩኝ። “ዱጋ ነው፣ እውነት ነው” አሉ። “አንተ በግራ እግርህ ቀድመህ ስለምትረግጠው ነው የሚይዝህ።”

እኔ ሳቅኩ። ወሬ ግን እግር የለውም፣ ያለ እግር ይሮጣል። ሳምንት ሳይሞላ ቡና ለቃሚዎቹ ሴቶች ጥጓ ጋ ሲደርሱ ነጠላቸውን መከናነብ ጀመሩ። አንዷ ክንዴን በረደኝ አለች፣ ሌላዋ ጀርባዬን። የጥጓ ቡና አንድ ቀን ዘግይቶ ይደርቃል ተባለ፤ ለብቻው ይከመር ጀመር። ምሳውን እዚያ የሚበላ ጠፋ። እውነቱን ልናገርና፣ ወሬውን የጀመርኩት ራሴ ስሆን፣ ሌሎቹም ሲሰማቸው ሳይ እኔም አመንኩ። አሥር ሰው የበረደበት ቦታ ውሸት ሊሆን አይችልማ።

ወደዚያች ቀን ልምጣ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሲሚንቶው መፋጀት ጀምሮ ነበር። አራት ሰዓት ግድም ላይኛው ጥግ ደረስኩ። እግሬ እንደ ልማዱ ቀዘቀዘ። ሲጋራዬን ለኮስኩ። ሲጋራው አለቀ፤ ቅዝቃዜው አላለቀም። ሁለተኛ ለኮስኩ። እሱም አለቀ። ከጥጓ ልሽሽ ብዬ ወደ ታች ወረድኩ። አሥራ አንደኛው ምሰሶ፣ አሥረኛው፣ ዘጠነኛው። ቅዝቃዜው አብሮኝ ወረደ።

ያኔ ነው የፈራሁት። ነገሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጥጉ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ቀኝ እግሬ የሲሚንቶውን ግለት መቋቋም አቅቶት ይፈራገጣል፤ ግራው የረገጠውን አያውቅም። ትንሽ ቆይቶ ከጉልበቴ በታች አንድ ሰው በገመድ አስሮ የሚያጠብቀው ዓይነት ሕመም መጣብኝ። እንዲህ ያለ ሕመም አላውቅም። ቡናው ላይ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ተጋደምኩ። ሱሪዬን ሰብስቤ ሳየው እግሬ ነጭ ሆኗል። የእኔ ቆዳ ጠይም ነው፤ እሱ ግን የሻማ ሰም መስሏል።

ሠራተኛው ተሰበሰበ። ማንም ግን አጠገቤ አልደረሰም። ሁሉም የሚያዩት እኔን ሳይሆን ላይኛዋን ጥግ ነበር። አንዷ ሴት በኦሮምኛ ዝቅ ባለ ድምፅ “ወሰደው” አለች።

አባ መጫ ብቻ ቀርበው ጎንበስ አሉብኝ። “ሂን ሶዳቲን፣ አትፍራ” አሉኝ። “ብርድ ነው። የገባ ብርድ በሙቀት ይወጣል።” መድኃኒቱንም ሁላችንም እናውቀው ነበር። እዚያ አካባቢ ቁርጥማት የያዘው ሽማግሌ በፀሐይ የጋለ ጀንፈል ክምር ውስጥ ጉልበቱን ቀብሮ ይውላል፤ ብዙ ሰው ተሽሎት ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ተሸክመው ወሰዱኝና ሸራ ለብሶ ወደከረመው ክምር አስጠጉኝ። ቡናውን ዛቁ፣ እግሬን እስከ ጭኔ አስገቡት፣ መልሰው አለበሱት፣ በላዩ ሸራውን ደረቡበት። የክምሩ ሆድ እጅ ቢያስገቡበት ብዙ የማያቆይ ነበር። እኔ ግን ሙቀቱ አልተሰማኝም። አባ መጫ ሰው ልከው ሼህ እንዲመጡና እግሬ ላይ ቁርአን እንዲቀሩበት አዘዙ፤ ክርስቲያን መሆኔን ያውቃሉ፣ እኔም በዚያ ሰዓት የማንንም ጸሎት የምመርጥ ሰው አልነበርኩም።

አምስት ሰዓት ሆነ። ሕመሙ እየባሰ ሄዶ ጥርሴን ነክሼ አለቀስኩ። ወደ ስድስት ሰዓት ተኩል ግን ረገብ አለ። ትንሽ ቆይቶም ጠፋ፤ ፈጽሞ ጠፋ። የደስታዬን ነገር ምን ብዬ ልንገራችሁ። “ለቀቀኝ!” ብዬ ጮህኩ። አባ መጫ “አልሐምዱሊላህ” አሉና ግንባራቸውን ጠረጉ። ሠራተኛው መሳቅ ጀመረ። አንዱ “ግርማ፣ ስትበቅል ስንት ኪሎ ቡና ትሰጠናለህ?” ብሎ ቀለደብኝ። ዳቦ አመጡልኝ፤ ግማሽ አካሌ ቡናው ውስጥ እንደሆነ ሻይ እየማግሁ በላሁ። ሕመም ሲጠፋ መዳን ነው ብሎ የማያስብ ማን አለ?

እማማ ዘሃራ የመጡት ያኔ ነው። ቡና አበጣሪ ናቸው፤ በመንደራቸው ደግሞ ሴት ስትሞት ጀናዛዋን የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። ዝምተኛ ሰው ናቸው። ምሳ ሰዓት ወደ ቤታቸው ሄደው ስለነበር የሆነውን አላዩም፤ የተመለሱት ከክምሩ ቡና ሊወስዱ ነበር። ሲነግሯቸው አልሳቁም። ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አሉ።

“ግርማ፣ እስቲ የእግርህን ጣት አንቀሳቅስ” አሉኝ።

“እያንቀሳቀስኩ ነው” አልኳቸው። እውነቴን ነበር። በሐሳቤ አምስቱንም ጣቶቼን አጥፌ እየዘረጋሁ ነበር።

ሸራውን ገለጥ አድርገው ከእግሬ ጫፍ በኩል ያለውን ቡና በእጃቸው ዛቁት። ጣቶቼ ብቅ አሉ። ለረጅም ጊዜ አዩአቸው።

“አልተንቀሳቀሰም” አሉ።

ሳቁ ቆመ። እኔም ራሴ ቀና ብዬ አየሁ። አጥፌዋለሁ ያልኩት ጣት ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የሌላ ሰው ጣት ይመስላል። እንደገና እጠፍ አልኩት። ውስጤ ታጠፈ፤ እሱ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አስፈሪ ነገር አይቻለሁ፤ የገዛ እግሬ ሲዋሸኝ እንዳየሁባት ቅጽበት ያለ ግን አላየሁም።

እማማ ዘሃራ “ቢስሚላህ” ብለው እግሬን ከቡናው አወጡት። ቁርጭምጭሚቴ አጠገብ በሙቀቱ የተላጠ ቁስል ነበር፤ እኔ ምንም አልተሰማኝም። እግሬ ሲነካ ግን ይሞቃል። አባ መጫ ዳስሰው “ይኸው ሞቋል እኮ፣ ምን ሆነ ትያለሽ?” አሏቸው። እማማ ዘሃራ ጆግ ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ አስመጥተው እግሬ ላይ አፈሰሱ። ሁለቱንም እግሮቼን አጠቡ። ከዚያ እጃቸውን አድርቀው ጠበቁ። ሰው ሁሉ ምን እንደሚጠብቁ ሳያውቅ አብሯቸው ጠበቀ። ጥቂት ቆይተው አንድ እጃቸውን ቀኙ ላይ፣ አንዱን ግራው ላይ አሳረፉ።

“ይሄኛው መልሶ ሞቀ” አሉ ቀኙን። “ይሄኛው አልሞቀም።” ወደ አባ መጫ ዞሩ። “እኔ ይህን ቅዝቃዜ አውቀዋለሁ። ጀናዛ በሞቀ ውሃ ሲታጠብ ይሞቃል፤ ውሃው ሲቆም ሙቀቱ አብሮ ይሄዳል። የተዋሰው ነው፣ የራሱ የለውም።”

አባ መጫ ሼሁ እየመጡ መሆናቸውን ነገሯቸው። እማማ ዘሃራ ተነሱ። “ሬሳ ከሆነ እኔ አለሁ” አሉ። “ገና ካልሆነ ሐኪም አለ። ሼሁ መንገድ ላይ ካገኙት መኪናው ውስጥ ይቅሩለት።”

የማድረቂያው ፒክአፕ ሲመጣ ሰዓቱ ሰባት ተኩል ነበር። እማማ ዘሃራ ከኋላ ወጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ከየቡ እስከ ጅማ ድረስ እጃቸውን ከእግሬ ላይ አላነሱም። እኔ ግራ ጫማዬን ታቅፌ ነበር፤ ማን እንዳቀበለኝ አላስታውስም። መንገዱ ሲያናውጠን እግሬ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ሕመም ግን የለም። ሕመሙ እንዲመለስ ስለት ተሳልኩ። ሕመም ይምጣልኝ ብሎ የሚሳል ሰው ከእኔ ሌላ አላየሁም።

ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበለችኝ ወጣት ሐኪም ነበረች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስሜን ሳይሆን ስንት ሰዓት ላይ እንደጀመረኝ ነው። አራት ሰዓት አልኳት። የእጅ ሰዓቷን አየች፤ ፊቷ ላይ ያየሁትን አልወደድኩትም። ሁለት ጣቷን እግሬ ጀርባ ላይ አስቀምጣ የደም ምት ፈለገች፤ ከዚያ ከጉልበቴ ጀርባ፣ ከዚያ ብሽሽቴ ላይ። ቀጥላ ድምፅ የምታሰማ ትንሽ መሣሪያ አመጣች። ቀኝ እግሬ ላይ ስታሳርፋት ከውስጥ ሹሽ፣ ሹሽ የሚል ድምፅ ወጣ፤ ደሜ ሲሄድ ነው። ግራው ላይ ስታሳርፋት ክፍሉ ጸጥ አለ። ትንሽ አንቀሳቀሰቻት፤ ጸጥ። እንደገና፤ ጸጥ። እማማ ዘሃራ ከበሩ ሥር ሆነው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

“አቶ ግርማ፣ ወደ እግርዎ ደም የሚወስደው ቧንቧ ተዘግቷል” አለችኝ። እግር ያለ ደም አምስት ስድስት ሰዓት ቢታገስ ነው፤ ሕመሙ የጠፋውም ነርቩ መሞት ስለጀመረ እንጂ ስለተሻለኝ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ስለ ክምሩ ስነግራት ዓይኗን ጨፈነች። “የቀዘቀዘ እግር እሳት አይደለም የሚፈልገው፣ ደም ነው” አለች። ደም የሌለው ሥጋ ሙቀት ሲሰጡት የባሰ ይራባል፣ ስለማይሰማውም ይቃጠላል። ወዲያው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት በክንዴ ሰጡኝ፤ ባለቤቴ አልማዝ ደርሳ በለቅሶ ፈረመች፤ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ገፉኝ። ከመግባቴ በፊት ሐኪሟ እግሩን ለማትረፍ እንደሚሞክሩ፣ ካልሆነ ግን ከጉልበት በታች ሊቆረጥ እንደሚችል ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። እንድትሸፋፍንልኝ ፈልጌ ነበር።

ከወገብ በታች አደንዝዘውኝ ስለነበር ነቅቼ ነው የሠሩልኝ። በብሽሽቴ በኩል ከፈቱና የረጋውን ደም ሳቡት። በኋላ ሐኪሟ በብረት ሳህን አሳየችኝ፤ ጥቁር፣ ከጣት የሚረዝም፣ አልቅት የመሰለ ነገር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሲሚንቶ ሥር የፈለግነው ሰውዬ ያ ነበር። ማደንዘዣው ሲለቀኝ እግሬ በሺህ መርፌ ተወጋ። በደስታ ጮህኩ። ነርሷ የታመምኩ መስሏት ሮጣ መጣች።

እግሬ ተረፈ። ሁለት ትናንሽ ጣቶቼ ግን ጠቁረው በኋላ ተቆረጡ፤ የቡናው ቃጠሎም እስኪድን ወራት ፈጀ። በተኛሁበት ክፍል አንድ የጎረቤት በሽተኛ ነበር፤ የእሱ እግር ደግሞ እንደ ግንድ አብጦ፣ ቀልቶ፣ ይግላል። የእኔ ቀጭን ነው፤ ስገባም ቀዝቃዛ ነበር። ሁለታችንም “የደም ቧንቧ” ነው የተባልነው። ሐኪሟ ስታስረዳን፣ እሱ የተዘጋበት ደሙን ወደ ልብ የሚመልሰው ነው፤ እኔ የተዘጋብኝ ከልብ የሚያመጣው ነው። እሱ እግሩን ትራስ ላይ ከፍ ያደርጋል፣ እኔ ዝቅ አድርጌ አንጠለጥላለሁ። የእሱ የረጋ ደም ወደ ሳንባው ሄዶ እንዳይገድለው በወጌሻ እንዳይታሽ በጥብቅ ተነግሮታል። ስሙ አንድ፣ ጠባዩ ለየቅል። ቤተሰብ ሊጠይቅ ሲመጣ ግን አንዱን ምክር ለሁለታችንም ይመክረን ነበር።

በአራተኛው ቀን ሐኪሟ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ፣ ይህ ቧንቧ በአንድ ቀን እንዳልተዘጋ፣ ለዓመታት በሲጋራ ሲጠብ ከርሞ በመጨረሻ ደም እንደረጋበት ነገረችኝ። “ከዚህ በፊት ሲሄዱ ባትዎን ይዞዎት አያውቅም? የተወሰነ እርምጃ ሄደው ይይዝዎታል፣ ቆም ሲሉ ይለቅዎታል?”

አያውቅም አልኳት። ከዚያ፣ “ጥጓ ጋ ብቻ ነው” አልኩ።

“የምን ጥግ?”

ነገርኳት። ዋርካውን፣ መቃብሩን፣ የሴቶቹን ነጠላ። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። “ከበሩ እስከ ጥጉ ስንት እርምጃ ነው?” አለችኝ።

“መቶ ሃምሳ ግድም። አቀበት ነው።”

“ከታክሲ ወርደው ወደ ቤት ሲሄዱስ፣ መንገድ ላይ የሚቆሙበት ቦታ አለ?”

ጊንጆ ጉዱሩ፣ ከታክሲ መውረጃው ሽቅብ፣ አንድ የልብስ ሰፊ ሱቅ አለ። ሁልጊዜ እዚያ ቆሜ ሲጋራ እለኩሳለሁ። ለምን እዚያ እንደምቆም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ከመውረጃው እስከ ሱቁ ያለውን ርቀት በሐሳቤ መቁጠር ጀመርኩ፤ መቶ ሃምሳ ሳልደርስ ተውኩት። ሰውነቴን ቅዝቃዜ ወረረኝ፤ በዚያን ጊዜ ሁለቱም እግሮቼ ሙቅ ነበሩ።

ጥጓ ቀዝቅዛ አታውቅም። ደሜ የሚያልቀው እዚያ ስደርስ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ ወደ ማድረቂያው ተመለስኩ። ሲጋራ ትቼ ነበር፤ እንዴት እንደተውኩት አትጠይቁኝ፣ አልማዝን ጠይቋት፤ ከእኔ በላይ የተሠቃየችው እሷ ናት። በየቀኑ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ አንዱ ደሜ እንዳይረጋ፣ አንዱ በደሜ ውስጥ ላለው ስብ። ትልቁ መድኃኒት ግን መሄድ ነው። ባቴ እስኪይዘኝ እሄዳለሁ፣ ቆሜ አርፋለሁ፣ ደግሞ እሄዳለሁ። እንዲህ ሲደረግ ሰውነት በትልቁ ቧንቧ ፈንታ ትናንሽ ጓሮ ለጓሮ መንገድ ያወጣል።

ሠራተኛውን ሰብስቤ ጥጓ ጋ ወሰድኳቸውና ጫማዬን አውልቄ ቆምኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ዋርካውን እንጃ፣ መቃብሩን እንጃ፤ ብርዱ ግን የእኔ ነበር አልኳቸው። እማማ ዘሃራ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አውርደው “ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንተ ብርድ ነዋ ሲበርደን የከረመው” አሉኝ። ከዚያ ሰው ሳቀ። የዚያን ዕለት ሴቶቹ ምሳቸውን ጥጓ ላይ በሉ።

አባ መጫ አልሳቁም፣ ምሳም አልበሉ። ሰው ሲበተን እጄን ይዘው ወደ በሩ ወሰዱኝ።

“ያንተ እዚያ ነው” አሉኝ ወደ ጥጓ እያመለከቱ። “የእኔ ግን እዚያ አይደለም።”

አልገባኝም። ከበሩ ጀምረው መራመድ ጀመሩ፤ እኔም ተከተልኳቸው። አንደኛው ምሰሶ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አራተኛው ምሰሶ ጋ ቆሙ። እጃቸውን ምሰሶው ላይ አሳርፈው ተነፈሱ።

“ባቴን የሚይዘኝ እዚህ ነው” አሉ። “ዓምና ሰባተኛው ጋ ነበር። ካቻምና ደግሞ ዘጠነኛው ጋ። ለማንም አልነገርኩም። ከሲሚንቶው ሥር ያለው ነገር ከጥጉ ተነሥቶ ወደ በሩ እየመጣ መስሎኝ ነበር፣ ግርማ። በሩ ጋ ሲደርስ እኔን ይዞኝ ይሄዳል ብዬ ሰዓቴን እየጠበቅኩ ነው።”

ያ ሽማግሌ እኔን “አትፍራ” ሲሉኝ፣ እግሬን በሙቅ ቡና ሲቀብሩልኝ፣ የራሳቸውን ሞት ምሰሶ በምሰሶ እየቆጠሩ ነበር። ተንበርክኬ፣ ሐኪሟ እንዳስተማረችኝ፣ ሁለት ጣቴን እግራቸው ጀርባ ላይ አስቀመጥኩ። ጠበቅኩ። ቦታ ቀየርኩ። ጠበቅኩ። ምንም ምት አልነበረም።

በማግስቱ ጅማ ወሰድኳቸው። የእሳቸው ገና ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ በሁለቱም እግር ጠቧል። እንደ እኔው መድኃኒት ተጀመረላቸው፣ ማታ ማታ የሚያጨሱትን ሺሻ ተከለከሉ፣ እንደ እኔው በእግር ይሂዱ ተባሉ።

አንባቢዬ፣ ይህን የምጽፍልህ ስለ ጂንና መቃብር ልከራከርህ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ ነው። ሁልጊዜ ሄደህ የምትቆምበት ቦታ ካለ፣ እዚያ ስትደርስ ባትህን የሚይዝህ፣ ስታርፍ የሚለቅህ፣ ዛሬ ተነሥና ከቤትህ እስከዚያ ድረስ እርምጃህን ቁጠር። ከዓመት በኋላም ቁጠር። እያጠረ ከመጣ ቦታውን አትርገም፤ እግርህን ለሐኪም አሳይ። እግርህ በድንገት ነጥቶ ከቀዘቀዘም አትቅበረው፤ ሕመሙ ሲጠፋም ደስ አይበልህ፣ ወደ ሐኪም ሩጥ። እኔ እማማ ዘሃራ አጠገቤ ባይቀመጡ ኖሮ ዛሬ በአንድ እግሬ ነበርኩ፤ ወይም ጭራሽ አልነበርኩም።

ቡናን በግራ እግሬ ማወቅ ቀርቷል፤ ውስጥ እግሬ ሙቀትን በደንብ አይለይም። በቀኙ ብቻ እገምታለሁ፣ አንዳንዴም እሳሳታለሁ። አባ መጫ ግን በየጠዋቱ፣ እኔ ከመድረሴ በፊት፣ ከበሩ ተነሥተው ሽቅብ ይወጣሉ፤ ይቆማሉ፣ ያርፋሉ፣ ይወጣሉ። ስገባ በሩ ጋ ቆመው ይጠብቁኛል። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ የሚነግሩኝ አንድ ነገር ነው።

“ግርማ፣ ዛሬ እስከ ስምንተኛው ምሰሶ መልሼ ገፋሁት።”